ያለው ሰው ያለውን አይቆጥርም፦ ኢንተርኔት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌር ስለ መጫን

(በተመራቂዎች የመገናኛ ዕለት ለቀድሞ ተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ አንድ ነገር አካፍለን» ሲሉኝ ብዙ ርዕስ ማንሳት ይቻል ነበር። እኔ የመረጥኩት ግን ማንም በሲቪው ላይ የማይጽፈውን፣ ብዙዎቻችንን ግን ቢሮ ያሳደረንን ሥራ ነው፦ ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌር መጫንና የሚጎድለውን ማሟላት። ከዚህ ግቢ ተመርቀው ወደ ቀብሪበያህ፣ ወደ አውበሬ፣ ወደ ቶጎ ውጫሌ፣ ወደ ሐርሺን የሚመደቡ ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት የሚገጥማቸው እሱ ነው። ክፍል ውስጥ ግን አላስተማርነውም ማለት ይቻላል፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ችግሩ እምብዛም አይታይማ።

«አሁን እኮ ኔትወርክ ያልደረሰበት የለም» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ ስልክ ይሠራል። ነገር ግን ስልክ ላይ መልእክት መላክና ለአንድ ሰርቨር ብዙ መቶ ሜጋባይት ማውረድ አንድ አይደለም። በዚያ ላይ ግንኙነት ባለበትም የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጅግጅጋ ላይ ሁከት ሲነሣ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በሰኔ 2011 ዓ.ም. መላ አገሪቱ ለቀናት ጠፍቶባት ነበር፤ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ገደማ። ከዚህ ሌላ ሆን ተብሎ ከኢንተርኔት የሚነጠል ኮምፒውተር አለ፦ የፈተና፣ የሒሳብ፣ የታካሚ መረጃ የሚቀመጥበት። ይህን በሀብታም አገርም ያደርጉታል። ስለዚህ የምናገረው ስለ ድህነት ብቻ አይደለም፤ ነገም ስለማይቀር ሙያ ነው።

ከሙያው ውጭ ላላችሁ ወገኖቼ አንዲት ቃል ልግለጽ። ዲፔንደንሲ የምንለው አንድ ሶፍትዌር ለመቆም የሚደገፍበትን ሌላ ሶፍትዌር ነው። ጤና ሚኒስቴር በአገር ደረጃ የሚጠቀምበትን ዲኤችአይኤስ2 የሚባለውን የጤና መረጃ ሥርዓት እንውሰድ። ብቻውን አይቆምም። ጃቫ ይፈልጋል። ገጾቹን ለተጠቃሚው የሚያቀርብለት ቶምካት የሚባል ሰርቨር ይፈልጋል። መረጃው የሚቀመጥበት ፖስትግሬስ የሚባል ዳታቤዝ ይፈልጋል። ፖስትግሬሱ ለካርታው ሥራ ፖስትጂአይኤስ የሚባል ተጨማሪ ይፈልጋል፤ ፖስትጂአይኤስ ደግሞ በበኩሉ ጂዮስ፣ ፕሮጅና ጂዳል የሚባሉ ላይብረሪዎችን ይጠራል። እነሱም ሌሎችን ይጠራሉ። እያንዳንዱ ደግሞ «ማንኛውም ጃቫ ይምጣ» አይልም፤ «ከዚህ ቨርዥን ያላነሰ፣ ከዚያ ያልበለጠ» ይላል። እንግዲህ አንድ ጤና ጣቢያ «ዲኤችአይኤስ ጫንልን» ሲል በእውነቱ የጠየቀው አንድ ነገር አይደለም፤ የዘመድ አዝማድ ጥሪ ነው።

ኢንተርኔት ባለበት ይህን ሁሉ የሚያደርግልን ሌላ ነው። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በኢያን መርዶክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። አፕት የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር ከወጣ ወዲህ አንዲት መስመር ትእዛዝ ስንጽፍ ማሽኑ የሚያስፈልገውን ቆጥሮ፣ ፈልጎ፣ አውርዶ፣ ተራ አስይዞ ይጭነዋል። ዛሬ ዴቢያን ከ60 ሺህ በላይ ፓኬጆች አሉት። እኛ «ዋይ» ብለን እንጫንና ሻይ ልንጠጣ እንወጣለን። ምቾቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሥራውን ከዓይናችን ሰወረው። መምህራን እንደምታውቁት ሥራው ቀላል አይደለም፦ አንድ ፓኬጅ ከነሙሉ ቅድመ ሁኔታው ሊጫን ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በጠቅላላው ሲታይ ኤንፒ ኮምፕሊት ከሚባሉት ከባድ ጥያቄዎች አንዱ መሆኑን ኤዶስ በተባለው ፕሮጀክት የሠሩ የአውሮፓ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ አሳይተዋል። «ሀ ወይም ለ ያስፈልጋል፣ ለ ግን ከሐ ጋር አይስማማም» የሚሉ ሁኔታዎች ሲደራረቡ ማለት ነው። በየቀኑ ማሽን የሚፈታልንን እንቆቅልሽ ገመዱ ሲነቀል በእጃችን ልንፈታው እንቀመጣለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በየከተማው የማየው ችግር አንድ ዓይነት ነው። ባለሙያው ጅግጅጋ ላይ የራሱን ላፕቶፕ ይከፍታል። ሶፍትዌሩን ያወርዳል፣ ላፕቶፑ ላይ ሞክሮ ይሠራለታል፣ በፍላሽ ይገለብጣል፣ መኪና ይሳፈራል። ደርሶ ሲጭን ማሽኑ «ይህ የለኝም፣ ያም የለኝም» ይላል። አንድ ቀን አለቀ። ተመልሶ የጎደሉትን ሁለት ያወርዳል፣ ይሄዳል፤ ሁለቱ ደግሞ ሌላ አራት ይጠይቃሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይሄ ነው። በአንድ ከተማ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በዚህ ምክንያት አዲስ የተገዛ ሰርቨሩን ለወራት ከካርቶኑ ሳያወጣ አስቀምጦ አይቻለሁ። መዝገቡ በወረቀት ቀጠለ፤ ከወረቀት ወደ ኤክሴል፣ ከኤክሴል ወደ ወረቀት። መድኃኒት ሊያልቅ ሲል በጊዜ የሚያሳውቅ ሪፖርት የሚጠብቅ ሰው በሌላኛው ጫፍ መኖሩን አትርሱ።

ባለሙያው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ አፕት የሚያወርደው ሶፍትዌሩ የሚፈልገውን ሁሉ አይደለም፤ የእኔ ማሽን የሚጎድለውን ብቻ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ደግሞ ለዓመታት ኢንተርኔት ላይ የኖረ ነው፤ ግማሹ ላይብረሪ አስቀድሞ አለው፤ ያለውን አይቆጥረውም። ስለዚህ ያወጣው ዝርዝር ለእኔ ማሽን ትክክል፣ ለሐርሺኑ ማሽን ጎዶሎ ነው። ያለው ሰው ያለውን አይቆጥርም፤ የጎደለውን የሚያውቀው የጎደለበት ነው። ዛሬ ከእኔ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄ ይሁን፦ ዝርዝሩን የሚያወጣው ተቀባዩ ማሽን ነው።

በተግባር እንዲህ ነው። ከመሄዳችን በፊት ሳይሆን ሄደን እንጀምራለን፤ ወይም እዚያ ያለው ሰው ያደርግልናል። አፕት ኦፍላይን የሚባል ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ግንኙነት የሌለው ማሽን ላይ «ሴት» በሚለው ትእዛዝ ትንሽ ፋይል ይወጣል። በውስጡ «እኔ ይህን ልጭን ነው፣ የሚያስፈልገኝም ይሄ ይሄ ነው» የሚል ዝርዝር አለ። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ በቴሌግራም እንኳ ይላካል። ሁለተኛ፣ ጅግጅጋ ወይም አዲስ አበባ ያለ ግንኙነት ያለው ኮምፒውተር፣ ዊንዶውስም ቢሆን ግድ የለም፣ ያን ፋይል አንብቦ «ጌት» በሚለው ትእዛዝ ሁሉንም በአንድ ጥቅል ያወርዳል። ሦስተኛ፣ ጥቅሉ በፍላሽ ይሄድና በመጀመሪያው ማሽን ላይ «ኢንስቶል» ይባላል። መሣሪያው ባይኖር እንኳ አፕት ራሱ ሳያወርድ የሚያስፈልጉትን አድራሻዎች ብቻ እንዲያትምልን ማዘዝ ይቻላል፤ ያን ዝርዝር ይዞ መሄድ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ፦ ማሽኑ በቅርቡ የታደሰ የፓኬጅ ማውጫ ከሌለው ዝርዝሩም ያረጀ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ማውጫውን ለማድረስ፣ ሁለተኛው ፓኬጆቹን ለማድረስ ይሆናል። ሁለት የታቀደ ጉዞ ከስድስት ያልታቀደ ይሻላል። ዕቃው ሲደርስም ፓኬጆቹን አንድ በአንድ መጫን አያስፈልግም፤ እርስ በርስ የሚጠባበቁ ስላሉ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ብናቀርባቸው ተራቸውን ራሳቸው ይይዛሉ።

ፓይተን ለምትጠቀሙ ሕጉ ያው ነው። ፒፕ ፓኬጆችን ሳይጭን ከነተከታዮቻቸው ወደ አንድ ማህደር ብቻ እንዲያወርድ ማዘዝ ይቻላል፤ ከዚያ በተቀባዩ ማሽን ላይ «ወደ ኢንተርኔት አትሂድ፣ ከዚህ ማህደር ፈልግ» ይባላል። ነገር ግን አውራጁና ተቀባዩ ኮምፒውተር የፓይተን ቨርዥናቸው፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተማቸውና የፕሮሰሰር ዓይነታቸው ካልተመሳሰለ፣ ወይም የተቀባዩ ዓይነት ሲወርድ ካልተጠቀሰ፣ የወረደው ላይሠራ ይችላል። የስታቲስቲክስ ሰዎች በአር ቋንቋ የምትሠሩ ሚኒክራን የሚባል መሣሪያ አላችሁ፤ የመረጣችኋቸውን ፓኬጆች ከነዲፔንደንሲያቸው ለይቶ ትንሽ የግል ማከማቻ ይሠራላችኋል።

ዊንዶውስ ላይ ያላችሁም አልዳናችሁም። «ኤምኤስቪሲፒ140 የሚባለው ዲኤልኤል አልተገኘም» የሚለውን መልእክት ያላየ እጁን ያውጣ። መፍትሔው ያን አንድ ዲኤልኤል ከየትም ለምኖ መለጠፍ አይደለም፤ የማይክሮሶፍትን ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል ሙሉውን ይዞ መሄድ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ዶት ኔት 3.5 ሲጠየቅ ኢንተርኔት የሚፈልግ ይመስላል፤ ፋይሉ ግን በራሱ በመጫኛው ዲስክ «ሶርስስ» ማህደር ውስጥ «ኤስኤክስኤስ» በሚባለው ስር ተቀምጧል። ዲስኩን ያልጣለ ሰው ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

አሁን መጽሐፍ ላይ እምብዛም የማይጻፉ፣ እዚህ አካባቢ ግን የማይቀሩ ሦስት ነገሮች ልጨምር።

አንደኛው ሰዓት ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ትሞትና ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ወደ ድሮ ዘመን ይመለሳል። ኢንተርኔት ስለሌለው የሚያርመው የለም። አፕት ደግሞ የፓኬጅ ማከማቻው የተፈረመበትን ቀን ያያል፤ ቀኑ ወደፊት ከሆነበት «ገና አልጸናም» ብሎ ይመልሳል። ባትሪው ደህና ሆኖም ያጋጥማል፤ አንድ ቅን ሠራተኛ የኮምፒውተሩን ዓመት በእኛ አቆጣጠር አስተካክሎት ይሆናል። 2011 ብሎ ሞልቶታል፤ ለማሽኑ ግን ሰባትና ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው። ሁሉም ነገር ተሟልቶ እንቢ ሲላችሁ መጀመሪያ ቀኑን እዩ።

ሁለተኛው ፍላሹ ነው። ብዙ ፍላሽ የሚመጣው ፋት32 በሚባለው አሠራር ተዘጋጅቶ ነው። አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ከደረሰ አይቀበለውም፤ 64 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ቢኖረውም። ብዙ ሰው «ፍላሹ ተበላሸ» ይላል፤ አልተበላሸም፣ ወደ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ መቀየር ነው።

ሦስተኛው እምነት ነው። በየቢሮው የሚዞር ፍላሽ ምን ምን ይዞ እንደሚዞር ታውቃላችሁ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ማከማቻቸውን በዲጂታል ፊርማ ያትማሉ፤ እያንዳንዱ ፓኬጅ መለያ ቁጥር አለው፤ መንገድ ላይ አንዲት ፊደል ብትቀየር ይታወቃል። እኛ ግን ስንቸኩል የፊርማውን ምርመራ «ይህን እመነው» ብለን እናዘልለዋለን። ኢንተርኔት የሌለበት ማሽን ተበክሎ ከሆነ ማን መጥቶ ያጸዳዋል? ዕቃው በእጅ የሚዞር ከሆነ ማኅተሙን ማየት ይበልጥ ያስፈልጋል።

ወደ ምጠይቃችሁ ጉዳይ ልምጣ። የሐርሺንንና የሐርተ ሼክን አካባቢ የምታውቁ ቢርካ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለሌሎቻችሁ፦ መሬት ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ የሚሠራ፣ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። ወንዝ በሌለበት አገር የጉ ዝናብ ሲዘንብ ይሞላል፣ በጅላል ድርቅ ይጠጣል። ቢርካ ያለው ሰው ውሃ ፍለጋ የሚወጣው ሲጠማው አይደለም፤ ሲዘንብ ነው የሚዘጋጀው። እኛ ግን ሶፍትዌርን የምንፈልገው ሲጠማን ነው። ግንኙነት ጥሩ በሆነበት ሌሊት ፊልም አውርደን፣ ኢንተርኔት የጠፋ ዕለት ፓኬጅ እንፈልጋለን።

ግንኙነት ያላቸውም ቢሆኑ የራሳቸው ማከማቻ እንደሚያስፈልጋቸው በሚያሳፍር መንገድ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ሌፍት ፓድ የምትባል 11 መስመር ብቻ ያላት የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ባለቤቷ ከኤንፒኤም ማከማቻ ሲያነሣት በዓለም ዙሪያ በርካታ ሺህ ፕሮጀክቶች መገንባት አቃታቸው። ገመዱ ነበር፣ ፍጥነቱ ነበር፤ የሚጎድለው የራስ ቅጂ ነበር።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው። በዩኒቨርሲቲው ግቢ አንድ ቢርካ ይኑረን። ከሊኑክስ አንድ ቨርዥን እንምረጥ፤ የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ቨርዥን በየሁለት ዓመቱ ይወጣል፣ ለአምስት ዓመት መደበኛ ድጋፍ ያገኛል፤ እሱ ይበቃናል። ለአንድ ቨርዥንና ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ብቻ ከተወሰደ ዋናው ማከማቻ በአንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገባል። አፕት ሚረር የሚባለው መሣሪያ ሌሊት ሌሊት ይሞላዋል። ቅጂው በየስድስት ወሩ ታድሶ ወደየከተማው በሃርድ ዲስክ ይሂድ። በሁሉም ከተማ ያለው ማሽን አንድ ቨርዥን ላይ ከሆነ አውበሬ ላይ የተፈታው ችግር ለቶጎ ውጫሌም መልስ ይሆናል። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን፣ እዚያ በአንድ ሌሊት የምታወርዱት እዚህ ሳምንታት ይፈጃል፤ ለዕረፍት የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ የምትገባ ዲስክ ትልቅ ስጦታ ናት። ኡቡንቱም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ሲዲ በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር፤ ኡቡንቱን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ፖስታን አልናቁም።

መምህራኖቻችንን ደግሞ አንድ ላቦራቶሪ እለምናለሁ። የኔትወርኩን ገመድ ንቀሉና ተማሪውን «አሁን ጫን» በሉት። ዝርዝሩን ከተቀባዩ ማሽን አውጥቶ፣ ሌላ ክፍል ሄዶ አውርዶ፣ ተመልሶ ይጫን። ከመሄዱ በፊትም ተቀባዩን በሚመስል ባዶ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ኔትወርኩን አጥፍቶ ይሞክር። ማንም መሣሪያ መግዛት አያስፈልገውም። አንድ ከሰዓት ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከዲፔንደንሲዎች ሁሉ በየትኛውም ዝርዝር ላይ የማይወጣ አንድ አለ፤ እሱም ሰው ነው። አንድ ከተማ ላይ ያ ሰርቨር የሚሠራው ፓስወርዱን፣ የቨርዥኑን ቁጥርና የተቀየረውን ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ የያዘ አንድ ልጅ ስላለ ነው። ልጁ ይዛወራል፣ ወይም ሌላ ሥራ ያገኛል፤ መብቱ ነው። በማግስቱ ማሽኑ ሳይበላሽ የሞተ ያህል ይሆናል። አፕት የሚጎድለውን ፓኬጅ በስሙ ይጠራልናል፤ ሰው ሲጎድል ግን ስም የሚጠራ መልእክት አይወጣም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሰርቨር ጋር አንድ ገጽ ወረቀት ይኑር። በአማርኛም በሶማሊኛም ይጻፍ፦ የተጫነው ምንድን ነው፣ ቨርዥኑ ስንት ነው፣ ከየትኛው ዲስክ መጣ፣ በየትኛው ቀን፣ ባይሠራ መጀመሪያ ምን ይታያል። ፓስወርዱ ወረቀቱ ላይ አይጻፍ፤ በታሸገ ፖስታ በኃላፊው ካዝና ይቀመጥ። ወረቀቱ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ከሰርቨሩ ጎን ይለጠፍ። መብራት ቢጠፋም ወረቀት ይነበባል።

ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙ ነገር ከሩቅ እየመጣ ነበር፤ መጽሐፉም፣ መምህሩም፣ መሣሪያውም። ዛሬ ከእኛ የሚወጣው ሰው በየከተማው አለ። የሚላክለት ነገር ግን ያለን ነገር ሳይሆን የጎደለው ነገር እንዲሆን መጀመሪያ እንጠይቀው። የማኅበሩ ጸሐፊ ከመውጫው በር አጠገብ አንድ መዝገብ ይዞ ተቀምጧል። በየከተማው የምትሠሩ ልጆች የማሽናችሁን ዓይነት፣ የሲስተሙን ቨርዥንና የሚያስፈልጋችሁን ሦስት ሶፍትዌር ጻፉልን። የመጀመሪያውን ዲስክ የምንሞላው በእናንተ ዝርዝር ነው።